አሮጌ ኤንትሬ ለሚያሳድሱ የቀረበ ጥቆማ፦ ዕቃው ከየት ይገዛ፣ ሥራውስ ለማን ይሰጥ?

ከአባታቸው የወረሱት ፊያት 682 ኤን3፣ በእኛ አጠራር ኤንትሬ፣ ደሴ በሚገኘው ግቢያቸው ለዓመታት ሳይንቀሳቀስ እንደቆመ የነገሩን ጠያቂ፣ መኪናውን አዲስ አበባ አምጥተው ቢያሳድሱት ወይስ እዚያው ወሎ ውስጥ ቢያሠሩት እንደሚሻል፣ መለዋወጫውንም ከመርካቶ ቢሰበስቡ ወይስ ጣሊያን ካሉት እኅታቸው ቢያስመጡ እንደሚያዋጣ ጠይቀዋል። እኔ ይህን መኪና በመጀመሪያ በረዳትነት ታኮ (ከጎማ ሥር የሚገባ ማገጃ) ተሸክሜ ተከትየዋለሁ፤ በኋላም ተሳቢ አስከትዬ በአሰብ መስመር ነድቼዋለሁ። መሪ ከተውኩ ወዲህ ደግሞ የሥራ ባልደረቦቼ የራሳቸውን ሲያሳድሱ በየጋራዡ አብሬ ስለዋልኩ የማውቀውን እጽፋለሁ። ጥቅል ሐሳቤን ለማስቀደም ያህል፣ ብረት የሆነውን ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ይፈልጉ፣ ላስቲክ የሆነውን ሁሉ አዲስ ይግዙ፣ ገንዘብዎንም ከቀለም አስቀድመው ፍሬን ላይ ያውሉት፤ ሥራውን ደግሞ በጥቅል ዋጋ ለአንድ ጋራዥ ከማስረከብ ይልቅ ለየሙያው ባለቤት ያከፋፍሉት።

ስለ መኪናው ጥቂት ልበል፤ ዕቃ ግዢው ከዚህ ይጀምራልና። ፊያት 682ን ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ሲሆን፣ ምርቱ መልኩን እየቀያየረ እስከ 1988 ዘልቋል። በየጊዜው ኤን2፣ ኤን3፣ ኤን4 እየተባሉ የወጡት ከሩቅ ሲያዩዋቸው የማይለያዩ ይመስላሉ፤ ከሥር ሲገቡ ግን ዕቃቸው ሁሉ አንዱ ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ «ለኤንትሬ ይሆናል» የሚለውን የነጋዴ ቃል ብቻ ይዞ መክፈል አያዋጣም። የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር፣ የሚተካውንም ዕቃ ራሱን አውልቀው ይዘው ቢሄዱ ይመረጣል፤ ካልሆነም መለኪያ አጠገቡ ተደርጎ የተነሣ ፎቶ አይለይዎት። ፊያት እ.ኤ.አ. በ1975 የከባድ መኪና ክፍሉን ከኦኤም፣ ከላንቻ፣ ከፈረንሳዩ ዩኒክና ከጀርመኑ ማጊሩስ ጋር አዋህዶ ኢቬኮን ስለመሠረተ፣ በኋላ የታሸጉ ዕቃዎች የኢቬኮ ስም ያለበት ካርቶን ውስጥ ቢገኙ አይጠራጠሩ። ይህ ማለት ግን አምቼ የተባለው የአገር ውስጥ ፋብሪካ የገጣጠማቸው የኋላ ዘመን ኢቬኮዎች ዕቃ ለእርስዎ መኪና ይገጥማል ማለት አይደለም፤ ይህን ተስፋ አድርገው የተመላለሱ ሰዎች አውቃለሁ።

ወደ ቦታው ጥያቄ ስመለስ፣ ምርጫው ደሴና ኮምቦልቻ፣ አዳማ፣ እንዲሁም የአዲስ አበባው የቃሊቲና የሳሪስ መስመር ነው። የቃሊቲ ትልቁ ጥቅም ሁሉም ነገር በቅርብ መገኘቱ ነው፤ በያጁ፣ ላሜሪስቱ (የቆርቆሮ አካል ሠሪው)፣ ኤሌክትሪሺያኑና ጎሚስታው በእግር በሚደረስ ርቀት ውስጥ ስለሆኑ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። ጉዳቱ ደግሞ የቦታው ኪራይ ነው። እድሳት የወራት ሥራ ነውና በየቀኑ ገቢ የሚያመጡት ሲኖትራኮችና ትራከሮች ሲመጡ የእርስዎ መኪና ወደ ጥግ ይገፋል፤ ባለጋራዡንም ለዚህ መውቀስ አይቻልም። አዳማ መካከለኛ ነው፦ ግቢው ሰፊ፣ ዋጋውም ረገብ ያለ ሲሆን፣ የጅቡቲ መስመር መኪኖች ስለሚበዙበት ግን እጁ በአዳዲሶቹ የተያዘ ባለሙያ ነው የሚያጋጥመው። ኮምቦልቻና ደሴ የአሰብ መስመር በ1990 ዓ.ም. እስኪዘጋ ድረስ በዚህ መኪና የኖሩ ከተሞች በመሆናቸው፣ የኤንትሬን ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዓይናቸውን ጨፍነው የሚፈቱ ሽማግሌ መካኒኮች እስካሁን ይገኙባቸዋል። በመሆኑም የሻንሲውን፣ የፍሬኑን፣ የካምቢዮውንና የጋቢናውን ሥራ እዚያው ወሎ ያድርጉት፤ ሞተሩን ብቻ አስወርደው በአንድ አይሱዙ ወደ አዲስ አበባ ይላኩት። መኪናውን በሙሉ ወደ አዲስ አበባ ማምጣት የሚያስፈልግበት ምክንያት አይታየኝም።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ለማውረድ ከወሰኑ ግን በሎቤድ (ዝቅተኛ ተሳቢ) ይጫን እንጂ በገመድ አይጎተት። የሐረጎን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው፣ ፍሬን የሌለውን ከባድ መኪና በገመድ ይዞ መውረድ ምን ማለት እንደሆነ አይጠይቀኝም። «ጎትተን በማርሽ እናስነሣው» የሚሉ ወዳጆችም ይመጣሉ፤ ይህንንም አይቀበሉ። ለዓመታት የቆመ ሞተር ፋሻው (የፒስተን ቀለበቱ) ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በዝገት ሊጣበቅ ስለሚችል፣ በጉልበት ሲዞር ፋሻው ይሰበራል፣ ሲሊንደሩም ይጫራል። በመጀመሪያ ኖዝሎቹ (ናፍጣ ረጪዎቹ) ወልቀው በየሲሊንደሩ ቀጭን ዘይት ከናፍጣ ጋር ተቀላቅሎ ይፈስስ፤ ለቀናት ከቆየ በኋላም በረጅም የብረት ዘንግ በእጅ ቀስ ተብሎ ይሞከር።

አሁን ዕቃው። የአዲስ አበባው የመለዋወጫ ሰፈር ሱማሌ ተራ ለአዳዲሶቹና ለመካከለኞቹ መኪኖች ሁነኛ ቦታ ነው፤ ለኤንትሬ ግን ከጠቅላላ ዕቃ በቀር፣ ማለትም ከኩሽኔታ፣ ከቡሎን፣ ከአምፖልና ከፍሬቻ በቀር፣ ብዙ አይጠብቁ። ኩሽኔታ በጎኑ ላይ በተቀረጸው ቁጥር የሚገዛ ስለሆነ የመኪናውን ስም መጥራት እንኳ አያስፈልግም፤ ቁጥሩን ይዘው ዋጋ ያወዳድሩ። የአሮጌ ዕቃ ገበያው ምናለሽ ተራ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ የታምቡር (የፍሬን ከበሮ)፣ የሴምያስ (የኋላ ጎማ ማዞሪያ ዘንግ)፣ የባሌስትራ (የሞላ ብረት)፣ የካምቢዮ ጥርስና የመሪ ሳጥን ዓይነት ከባድ ብረቶች ከተበተኑ መኪኖች ተሰብስበው ይገኛሉ፤ የዚያን ዘመን የጣሊያን ብረት ደግሞ ስንጥቅ ከሌለበት ዛሬ በርካሽ ተቀድቶ ከሚመጣው ይልቅ ያስተማምነኛል። ስንጥቁን ለማወቅ ዕቃውን በናፍጣ አጥቦ ማድረቅ፣ ኖራ ወይም ጠመኔ ቀብቶ ጥቂት መጠበቅ በቂ ነው፤ ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ናፍጣ ነጩን በመስመር ያረጥበዋል። ይህን ሊያስሞክር የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመዎት ወደ ሚቀጥለው ሱቅ ይለፉ።

ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚዘነጋው መንገድ የሞተ ኤንትሬ በሙሉ መግዛት ነው። በየክፍለ ሀገሩ በተዘጉ ማኅበራትና በባለንብረት ግቢዎች ጎማ አልባ ሆነው የተቀመጡ አሉ። ዋጋቸው በብረት ክብደት ይታሰብና፣ ከአንዱ የሚወጣው የዕቃ ብዛት በየሱቁ ተለቅሞ ቢገዛ ከሚያስወጣው ገንዘብ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። የጋቢና መስታወት፣ የበር እጀታ፣ የፊቱን ጌጥና የመቆጣጠሪያ ሰዓቶቹን የመሰሉ ሱቅ ውስጥ የማይገኙ ነገሮችም ያለ ጣጣ ይገኛሉ። ቦታ ካለዎት ይህን ከሁሉ አስቀድማለሁ።

ጣሊያንን የምመክረው ለተወሰኑ ቀላል ነገሮች ነው። እዚያ አሮጌ ከባድ መኪና ማደስ ራሱን የቻለ ፍቅር ስለሆነ፣ ለዚሁ የሚሠራ ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረት መካከል የሚገባ ማሸጊያ)፣ ጎሚኒ (የላስቲክ ማሸጊያ)፣ የመስታወት ዙሪያ ላስቲክና የፋብሪካ መጽሐፍ ይገኛል። በየዓመቱ መስከረም አካባቢ ኢሞላ በሚገኘው የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ የሚካሄደው የአሮጌ ዕቃ ገበያ የታወቀ ነው፤ ቦሎኛም ከዚያ ብዙም አይርቅም። እኅትዎ የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን፣ የፍሬን ጎሚኒና የጥገና መጽሐፉን በሻንጣ ቢያመጡልዎ ትልቅ ሥራ ሠሩ ማለት ነው። ከባድ ብረት ግን በመርከብ ማስመጣት፣ የማጓጓዣውና የቀረጡ ወጪ ሲደመር፣ ለዚህ መኪና ከአቅም በላይ ይሆናል።

ሞተሩን በተመለከተ ምርጫው በመካኒኩና በቶርኖ ቤቱ (የብረት መቅረጫ ቤቱ) መካከል መለየት አለበት። ሞተሩን የሚፈታውና የሚገጥመው አንድ ሰው ሲሆን፣ ኮሎውን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) የሚያስተካክለው፣ ቴስታታውን የሚያለሰልሰውና ላይነሩን (የሲሊንደሩን የውስጥ ሽፋን) የሚያስገባው ሌላ ነው። ከሁለቱ የቶርኖ ቤቱን ምርጫ ጊዜ ወስደው ያድርጉት። መለያው ቀላል ነው፦ ኮሎውን ሲያስረክቡት ሚክሮሜትር አውጥቶ እያንዳንዱን አንገት በሁለት አቅጣጫ ለክቶ፣ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ የሚሰጥ ቶርኖ ቤት እምነት ይጣልበታል፤ በጣቱ ዳብሶ «ይህ 50 ይበላል» የሚል ግን አይጣልበትም። ኮሎ የሚታረደው (የሚሞረደው) በደረጃ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ 0.25፣ 0.50፣ 0.75 ሚሊ ሜትር እያለ የሚሄድ ነው፤ የሚገኘውም ብሮንዝ (አንገቱን የሚያቅፈው ስስ ብረት) በዚያው ልክ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ብሮንዙ በእጅ ይግባ፣ ኮሎውም ከዚያ በኋላ ይታረድ። ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ፣ ኮሎው ታርዶ ለልኩ የሚሆን ብሮንዝ ገበያ ላይ ጠፍቶ፣ ሞተሩ ክረምቱን ሙሉ ተፈትቶ የከረመበት ባልደረባ አለኝ፤ የቶርኖ ቤቱን ስም መጥቀስ አያስፈልግም።

ሞተር ቀይሩ የሚል ምክር መስማትዎ አይቀርም፤ ከተጋጨ መኪና የወጣ የኋላ ዘመን ሞተር ማስገባት ከእድሳት ይልቅ ርካሽ የሚሆንበት ጊዜም አለ። እኔ አልደግፈውም። ሊብሬው ላይ የተመዘገበው የሞተር ቁጥር ሲለወጥ ራሱን የቻለ የቢሮ ጉዳይ ይከተላል፤ ከዚህም በላይ የካምቢዮውና የዲፈረንሻሉ ልክ ለዚያ በዝግታ ለሚጎትት፣ ከ10 ሊትር በላይ ለሆነ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር የተሠራ ነው።

ፖምፓውና ኖዝሎቹ ወደ ናፍጣ ፖምፓ ባለሙያ ይሂዱ። አዲስ አበባ ውስጥ መፈተሻ ማሽን ያላቸው ቤቶች አሉ፤ ማሽን የሌለው ሰው በጆሮ ቢያስተካክለው ለጊዜው ይሠራል፣ ነገር ግን ስድስቱ ሲሊንደሮች እኩል ነዳጅ ማግኘታቸውን ማንም ጆሮ አያረጋግጥም። ለባለሙያው መንገር የሚገባዎት ነገር መኪናው የሚውልበትን ከፍታ ነው። ይህ ሞተር ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የለውም፤ ተርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 1 በመቶ ገደማ ያጣል የሚባለው ልምድ ከእኛ መንገድ ጋር በትክክል ይገጥማል። አሰብ ባሕር ዳርቻ ላይ እንደ ወጣት ሲጎትት የነበረው ኤንትሬ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሆነው ጣርማ በር ሲደርስ ከጉልበቱ ሲሦ ያህሉን አጥቶ፣ በሪዶታ (በአዝጋሚው ማርሽ)፣ ሰው በእግሩ እየቀደመው ነበር ዋሻውን የሚደርሰው። ፖምፓው ለቆላ ተስተካክሎ ደጋ ሲነዳ ያልተቃጠለው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ዘይቱንም ያቀጥናል። የእርስዎ መኪና ደሴ የሚኖር ከሆነ ለደጋ ይስተካከል።

ፍሬኑ ላይ ረዘም ብዬ ልቆይ፤ የዚህ መኪና ትዝታ ያለው ሰው ሁሉ ትዝታው ቁልቁለት ነውና። ከጣርማ በር በደብረ ሲና በኩል ሸዋ ሮቢት እስኪደረስ ድረስ በ50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ መንገዱ እስከ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ድረስ ይወርዳል። የእኛ ሕግ አንድ ነበር፦ በምትወጣበት ማርሽ ውረድ። ማርሹ እንደዛሬው መኪና ሳያስቸግር የሚገባ አልነበረም፤ ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ ተረግጦ፣ በመካከል ነዳጅ ተሰጥቶ የሞተሩ ድምፅ ከማርሹ ጋር ሲስማማ ነው የሚገባው። ቁልቁለት መካከል ማርሽ አውጥቶ መመለስ ያቃተው ሹፌር ፍሬኑ ላይ ብቻ ይቀራል፤ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ ታምቡሩ ይሰፋል፣ ፔዳሉም እየተረገጠ መኪናው አይቆምም። ረዳት ሆኜ ታኮ ይዤ በሩ ላይ ተንጠልጥዬ የምወርደው ለዚህ ነበር፤ መኪናው ሲዘገይ ዘልሎ ከኋላ ጎማ ሥር መወርወር፣ ሲነሣ ደግሞ ነቅሎ መሮጥ። ጎማና ታኮ መካከል ጣቱን የተወ ረዳት በየከተማው ነበር።

ስለዚህ የፍሬኑ ሥርዓት በሙሉ ይፈታ። የአየር ቱቦዎች፣ ዲያፍራሞችና ጎሚኒዎች ደህና ቢመስሉም ሁሉም ይጣሉ፤ ላስቲክ ቆሞም ያረጃል፣ ከምናለሽ ተራ የሚገዛ ሁለተኛ እጅ ዲያፍራምም ዕድሜው ከእርስዎው ጋር እኩል ነው። የአየር ጋኖቹ ውስጥ ለዓመታት ውኃ ተኝቶ ስለሚሆን ከታች በኩል ዝገት በልቷቸው እንደሆነ ይመርመሩ፤ የሳሳ የአየር ጋን በብየዳ አይጠገንም፣ ይቀየራል። ታምቡሩ በቶርኖ ሲስተካከል በግራና በቀኝ ጎማ እኩል መታረድ አለበት፤ አለበለዚያ መኪናው ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። የፍሬን ሸራ የሚመቱ ባለሙያዎች ኮምቦልቻም አዳማም ስላሉ ለዚህ አዲስ አበባ መምጣት አያስፈልግም፤ ከውጭ በተገዛው ዝግጁ ሸራና እዚያው ተቆርጦ በሚመታው መካከል ግን ልዩነቱ የሚታየው ሙቀት ላይ ስለሆነ፣ ለፊት ጎማዎች ቢያንስ ዝግጁውን ይምረጡ። የድሮው ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ አለ፤ አቧራው በኮምፕሬሰር አየር አይነፋ፣ በውኃ ረጥቦ በጨርቅ ይጠረግ፤ ወጣቶቹ መካኒኮች ይህን ስለማያውቁ አብረው ቆመው ይንገሯቸው።

ጎማ ላይ አጭር ልሁን። ባለ 20 ኢንች ቸርኬ ላይ የናይለን ጎማ ለዚያ ዘመን መኪና ተስማሚ ነው፤ ሆራይዘን አዲስ ጎማ ሲያመርተው የኖረውን የአገር ውስጡን ከሚመጡት ጋር በዋጋና በተመረተበት ቀን አወዳድረው ይግዙ። የሽቦ ጎማ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ በረጅም አስፋልት ላይ እውነት ነው፣ ጭነት ለማይጭን የእድሳት መኪና ግን ልዩነቱ ገንዘቡን አያወጣም። ሁለቱን በአንድ አክስል ማቀላቀል ግን አይገባም። ቸርኬዎቹ ቀለበት ያላቸው ስለሆኑ፣ የዛገው ቀለበት አየር ሲሞላ ፈንጥሮ ሰው ይገድላልና፣ ጎሚስታው በብረት መከለያ ውስጥ ወይም ቢያንስ በሰንሰለት አስሮ የሚሞላ ይሁን። ይህን የማያደርግ ጎሚስታ ዋጋው ግማሽ ቢሆንም አልመክርም።

ጋቢናውን ለሽማግሌ ላሜሪስት ይስጡ። ወጣቶቹ የተጎዳውን ቆርጠው አዲስ ላሜራ በመበየድና በስቱኮ በመሙላት ያፈጥኑታል፤ ሽማግሌው በመዶሻ ያወጣዋል። ስቱኮ የበዛበት ጋቢና በኮረኮንች መንገድ ላይ ብዙም ሳይቆይ ይሰነጠቃል። ከቀለም ምርጫዎች፣ ለሻንሲና ለስፖንዳ (ለጭነት ሳጥኑ ግድግዳ) እንደ ነፋስ ስልክና ካዲስኮ ያሉ የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች የሚያመርቱት ሲንተቲክ ቀለም ከፀረ ዝገት በላይ ተቀብቶ በቂ ነው፤ ለጋቢናው ግን የመኪና ቀለም ማድረቂያ ክፍል ባለው ቤት ቢረጭ ነው የሚያምረው፤ ይህም ከአጠቃላይ ሥራው ወደ አዲስ አበባ ወይም አዳማ መውጣት ያለበት ሁለተኛው ክፍል ሊሆን ይችላል። ስፖንዳው በጣውላ የተሠራ ከሆነ በብረት አይቀይሩት፤ የእንጨት ሥራው እዚያው ደሴ ያለ ችግር ይሠራል።

መኪናዎ መሪው በቀኝ መሆኑን ጽፈዋል፤ ወደ ግራ ላዙረው ወይ ብለውም ጠይቀዋል። ባይነኩት እመርጣለሁ። በዚያ ዘመን የጣሊያን ከባድ መኪኖች መሪያቸው በቀኝ ነበር፤ እኛም በቀኝ መስመር እየነዳን ገደሉን ከጎናችን ቁልቁል እያየን ጠርዙን እንጠብቅ ነበር። መቅደም ሲያስፈልግ ግን ዓይኑ የረዳቱ ነበር፦ «ና፣ ና፣ ቁም!» እያለ በግራ መስኮት የሚያየውን ይነግረናል። ሞተሩ በሁለታችን መካከል ስለሆነ ድምፁን ለማሸነፍ መጮኽ ነበረበት፤ ሌሊት ብርድ ሲሆን ደግሞ የሞተሩ ክዳን ምድጃችን ነበር፣ አፋር በረሃ ላይ ግን መከራችን። መሪ ማዞር የመሪ ሳጥኑን፣ የፔዳሎቹንና የዘንጎቹን ቦታ ሁሉ የሚነካ ስለሆነ ለደኅንነቱ የሚጠየቅ ባለሙያ ማግኘት ይከብዳል። ሆኖም መኪናውን መንገድ ላይ ለማውጣትና ቦሎ ለማስለጠፍ ካሰቡ፣ ምርመራው መሪው በቀኝ የሆነውን እንዴት እንደሚያስተናግድ ከሥራው በፊት ቢሮው ሄደው ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ።

ዘይትን በተመለከተ በኖክ፣ በቶታልና በኦላ ማደያዎች ከሚገኙት መካከል ብዙ የማሳስበው ልዩነት የለም፤ የፋብሪካው መጽሐፍ የሚለውን ውፍረት ይከተሉ። ከእድሳት በኋላ የመጀመሪያው ዘይትና ፊልትሮ ግን ከተለመደው እጅግ ቀድሞ ይቀየር፤ ከውስጥ የሚለቀቀው ቆሻሻ ብዙ ነውና።

የመጨረሻው ውል ነው። ከእያንዳንዱ ባለሙያ ጋር የሚሠራው ሥራ፣ ዕቃው በማን እንደሚገዛ፣ የወለቀው አሮጌ ዕቃም በሙሉ ተመልሶ እንደሚሰጥዎ በአንድ ገጽ ይጻፍና ሁለታችሁም ፈርሙበት። ከመፈታቱ በፊት የፖምፓውን፣ የኮምፕሬሰሩን፣ የዲናሞውንና የሞቶሪኖውን (የሞተር ማስነሻውን) ቁጥር ፎቶ ያንሡ፤ ኦሪጅናል ዕቃ በሌላ ተቀይሮ የሚመለስባቸው ጋራዦች እንዳሉ ከባልደረቦቼ ሰምቻለሁ። ክፍያውንም በሦስት ይክፈሉት፦ ሲፈታ፣ ሲገጠምና ሐረጎን ጭነት ይዞ ወጥቶ ከወረደ በኋላ።